ጨፌ ያደረች በቅሎ

አባቴ የእናቴን በቅሎ ከራሱ በቅሎ አብልጦ የሚወዳት ይመስለኝ ነበር።

ሁለት በቅሎዎች ነበሩን። የአባቴ ጥቁር ነበረች፤ ረጅም፣ ቁጡ፣ ከጠባቂዋ ከቀለሙ በቀር ማንንም የማታስጠጋ። የእናቴ ዳማ ነበረች፤ ደረተ ሰፊ፣ እርምጃዋ ልስልስ፤ የሞላ ዋንጫ ይዘው ቢቀመጡባት ጠብ አይልም ይባልላት ነበር። ዳማዋ የአባቴ ገንዘብ አልነበረችም። እናቴ ይርጋነሽ ከሞጣ ወደ ቢቸና ስትዳር አባቷ ከነኮርቻዋ የሰጧት ናት። አያቴ ሙሽራዋን ሲሸኙ የበቅሎዋን አንገት መታ መታ አድርገው፣ «ይቺ መንገዱን ታውቀዋለች» አሉ ይባላል።

ይህን የምትነግረኝ የቤታችን ሠራተኛ አስቻለች ነበረች። እኔ እንደ ተረት ነበር የምሰማው። ያለ ጋላቢ ብቻዋን ከሞጣ ቢቸና የምትመላለስ፣ ደብረ ወርቅ ላይ ቆም ብላ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለም በቅሎ ይታየኝ ነበር። አያቴ ተረት እየተናገሩ እንዳልነበር፣ አባቴም ያን ቀን በሚዜዎቹ መካከል ቆሞ ቃሉን እንደ ተረት እንዳልሰማው የገባኝ ካደግሁ፣ ያውም ብዙ ካደግሁ በኋላ ነው።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ በግብር ምክንያት ጎጃም ከመንግሥት ጋር ከመታኮሱ ከአንድ ዓመት በፊት ነው። እኔ ገና የወተት ጥርሴ እየወለቀ ነበር። የዚያ ዓመት ክረምት አልወጣ ብሎ አስቸግሮ፣ እንቁጣጣሽ ሲገባም ዝናቡ እየጣለ፣ የቤታችን ግድግዳ በውስጥ በኩል ሳይቀር ሻግቶ ነበር።

አባቴ ግራዝማች ኃይለ ሚካኤል ያን ክረምት በጭቃ ሳይቀር ደብረ ወርቅ ይመላለስ ነበር። ሠራተኞቹ ጓዳ ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዛሬም ወደ ደብረ ወርቋ ሄዱ» ሲሉ እሰማለሁ። «የደብረ ወርቋ» ሲባል እመቤታችን ማርያም ናት ብዬ ነበር የማስበው። ስለዚህ አባቴ ከእናቴ የበለጠ ጸሎተኛ ነው ብዬ ደመደምሁ። አንድ ቀን እናቴ ጥጥ ስትፈትል አጠገቧ ተቀምጬ፣

«እታለም፣ አንቺስ ለምን የደብረ ወርቋን ሄደሽ አትሳለሚያትም?» አልኋት።

አስቻለች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እናቴ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። እንዝርቱን አስቀምጣ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ለእኔ የሞጣው ጊዮርጊስ ይበቃኛል» አለች።

ሞጣ ልንሄድ ነበር። አያቴ ታመዋል፣ ልንጠይቃቸው ነው፣ መስቀል አልፎ ወንዞቹ ጎደል ሲሉ እንነሣለን ተብሏል። እናቴ ሣጥኗን ከፍታ የሙሽርነት ካባዋን፣ የብር ድሪዋን፣ ከእናቷ የወረሰችውን የቀንድ ዋንጫ ሳይቀር እያወጣች ትጠቀልል ነበር። አስቻለች ጥቅሉን እያሰረች፣

«እመይቴ፣ ለጥየቃ ዋንጫ ምን ይሠራል?» አለቻት።

«ዝም ብለሽ እሰሪ።»

«እኔስ ማሰሩን አስራለሁ። ግራዝማች ያዩት እንደሆነ ነው።»

«ይየዋ። በበቅሎዬ መጣሁ፣ በበቅሎዬ እሄዳለሁ። ማንን አስቸገርሁ?»

እኔ ዋንጫውን ለአያቴ መድኃኒት መጠጫ ነው ብዬ ገመትሁ። በር ላይ ጥላ አለፈ፤ አባቴ ነበር። ወደ ውስጥ አላየም። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ጭቃ በእንጨት ሲፍቅ ቆየና ሄደ።

በዚያው ሰሞን በገበያ ቀን አባቴ በጥቁሯ ላይ ከፊቱ አስቀምጦ ቢቸና ገበያ ወሰደኝ። በከብት ተራው ጫፍ፣ ከዋርካው ሥር፣ ካኪ የለበሰ ወጣት ሰው ከደብረ ማርቆስ መጥቶ ሕዝብ ሰብስቦ ነበር። አቶ ያየህ የሚባል የከብት ሐኪም ነው። ድምፁ ጎርንኗል፤ በየገበያው ሲናገር የከረመ ይመስላል።

«በቅሎና ፈረስ የሚገድል በሽታ በቆላው ገብቷል» ይላል። «ሽቅብ እየመጣ ነው። የምታመጣው ከትንኝ የምታንስ ነፍሳት ናት። የታመመችውን ነክሳ ደኅናዋን ስትነክስ ታጋባባታለች። ፀሐይ ሳትገባ በቅሎዎቻችሁን ቤት አስገቡ። ኩበት አጭሱባቸው። ፀሐይ ሳይሞቅ አታውጡ። ከሁሉ በላይ ውሃ በተኛበት ጨፌ አታሳድሩ።»

«መርፌውስ?» አለ አንዱ።

«መርፌው እስኪመጣ ነው ይህን የምላችሁ። እስቲ በየሰፈሩ ስንት በቅሎ እንዳለ...»

«ይኸውላችሁ!» ብሎ አንድ ሽማግሌ በትሩን አነሣ። «አላልኋችሁም? መሬታችንን ሊለኩ መጡ፣ አሁን ደግሞ በቅሎ ሊቆጥሩ! ነገ ዶሮ ነው!»

ሰዉ አጉረመረመ። አባቴ ከበቅሎው ሳይወርድ፣ ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«እኔን የገረመኝ ሌላ ነው» አለ። «ትንኝ በቅሎ ከገደለች፣ እንግዲህ ቁንጫ ዝሆን ልትጥል ነዋ! ቀለሙ፣ ጠመንጃዬን አምጣ፣ የትንኝ ዘመቻ እንውጣ!»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እኔም በአባቴ ኮርቼ ሳቅሁ። ሐኪሙ ብቻ አልሳቀም፤ ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። ሰዉ ሲበተን ግን አባቴ ጥቁሯን ቀስ ብሎ ወደ ዋርካው አስጠጋት። ጎንበስ አለና ሐኪሙን በሹክሹክታ፣

«አንተ ልጅ፣ እውነት ነው? ጨፌ ያደረች በቅሎ በእርግጥ ትታመማለች?» አለው።

«ሁሏም አትታመምም፣ ጌታዬ። ዕድል ነው። እኔ ብሆን ግን በዚህ ወር አንድ ሌሊት አላሳድርም።»

«ከታመመችስ ትድናለች?»

«ጥቂቶች ይድናሉ። አብዛኞቹ አይድኑም።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ወደ ቤት ስንመለስ ሜዳው ላይ እንኳ ጥቁሯን በቀስታ ያስኬዳት ነበር። ለእናቴ ዳማ ነው የሚጨነቀው ብዬ አሰብሁ፤ ደረቱን ተደግፌ ልቡ ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በግቢው መካከል ቆሞ ቀለሙን ጠራው። ጥቁሯ ከዛሬ ጀምሮ ጎተራው አጠገብ ባለችው ደሳሳ ቤት እንድታድር፣ በሩ እንዲዘጋ፣ ኩበት እንዲጨስባት አዘዘ። ቀጥሎ እናቴ ወደ ቆመችበት ወደ በሩ ዞረ።

«ዳማዋ ግን ጨፌ ትደር» አለ። «ከወንዙ ዳር ለምለሙን ሣር ትብላ። መንገድ አለባት፤ ትጥገብ።»

እናቴ ደነገጠች። ለብዙ ጊዜ ተኮራርፈው ነበር፤ ስለ መንገዱ በአፉ ያነሣውም ያን ጊዜ ገና መጀመሪያው ነው። ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ፣

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።

ታረቁ ብዬ እየዘለልሁ ለአስቻለች ልነግራት ሄድሁ። ደግሞስ የትኛዋ እንደምትወደድ ማን ይስታል? ጥቁሯ በጭስ ታፍና በጨለማ ቤት ትዘጋለች፤ ዳማዋ አደይ አበባ መሐል ታድራለች። ለጥቁሯ አዘንሁላት። በግድግዳው ቀዳዳ ሳያት ዐይኗ በጭስ እንባ ያፈስ ነበር።

ዳማዋን ወደ ጨፌው የሚያወርዳት ቀለሙ ነው፤ እኔም እከተለው ነበር። ሣሩ እስከ ወገቤ ይደርሳል። መሬቱ ከሥሩ ውሃ አዝሎ እግር ሲረግጠው ወደ ውስጥ ይስባል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሣሩ ላይ እንደ እብቅ ብናኝ ያለ ነገር ተነሥቶ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ያምር ነበር። በኋላ ከጆሮዬ ኋላ፣ ከፀጉሬ ሥር፣ እንደ እሳት ፍንጣሪ ይለበልበኛል፤ በእጄ ብፈልገው የሚታይ ነገር የለም። ዳማዋ ጆሮዋን ታራግባለች፣ ቆዳዋን ታንዘፈዝፋለች። ቀለሙ አንገቱን በጥፊ እየመታ፣

«ጌታዬ ካሉ አሉ ነው እንግዲህ» ይላል፤ ከማን ጋር እንደሚነጋገር አላውቅም። አስሯት ሲመለስ ወደ ኋላ እያየ ነበር።

መስቀል አለፈ። ዝናቡ ቆመ፣ ሰማዩ ጠራ፣ ከሞጣ አቅጣጫ የሚመጡ ነጋዴዎች ወንዙ እስከ ጉልበት ብቻ ነው አሉ። እናቴ ስንቅ አስጋገረች። ኮርቻው ከተሰቀለበት ወርዶ ቅቤ ተቀባ። በዚያ ጠዋት ቀለሙ ዳማዋን ከጨፌው ሲያመጣት ከግቢው በር ስትገባ አየኋት፤ አካሄዷ የሌላ በቅሎ አካሄድ ነበር። ከዐይኗ በላይ ያለው ጎድጓዳ ሥፍራ አብጦ ሞልቶ ግንባሯን የማላውቀው ግንባር አድርጎታል። ገብስ ቢያቀርቡላት አሸተተችና ተወችው። ጎኗ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል።

እናቴ ነጠላዋን ጥላ እየሮጠች ወጣች። እናቴ ስትሮጥ ያን ጊዜ ነው ያየኋት። የዳማዋን ጉንጭ በሁለት እጇ ይዛ ዐይኗን፣ ምላሷን፣ አፍንጫዋን መረመረች። ከዚያ ሳትዞር፣ በጣም በቀስታ፣

«ቀለሙ፣ ጥቁሯ የት ነው የምታድረው?» አለች።

«ቤት ነው እመይቴ። እዚያው ጎተራው ዘንድ።»

«በጭስ?»

«በጭስ ነው።»

«ያ ሐኪም ገበያ ላይ ያለው ምን ነበር?»

ቀለሙ መሬቱን አየ። የሰማውን ነገራት፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ኩበቱ፣ ስለ ጨፌው። ሲጨርስ፣ «ጌታዬ ስቀውበት ነበር እኮ፣ እመይቴ» አለ። «ሁላችንም ሳቅን።»

«የእሳቸው ከመቼ ጀምሮ ነው ቤት የገባችው?»

«ከገበያው ማታ ጀምሮ።»

እናቴ ዞራ ወደ ጎተራው አየች። እኔ ቅናት ነው ብዬ አሰብሁ፤ የአባቴ በቅሎ ቤት ስታድር የእሷ ውጭ በማደሯ ተቀየመች አልሁ። ጨፌው ከጭስ ቤት እንደሚሻል ላስረዳት ፈልጌ ልብሷን ሳብሁ። እጄን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

ዳማዋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች። መጨረሻ ላይ ከአፍንጫዋ አረፋ ወጣ፤ ልብስ ሲታጠብ እንዶድ እንደሚያወጣው ያለ፣ ነጭና ብዙ። ሲጠርጉት ይተካል፤ ሲጠርጉት ይተካል። አባቴ ከወጣበት ተመልሶ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ነበር። ከዚያ ተንበርክኮ በገዛ ጋቢው ጫፍ አረፋውን ይጠርግላት ጀመር። ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ያ እንባ የውሸት አልመሰለኝም፤ ዛሬም አይመስለኝም። እንዲህ ትሰቃያለች ብሎ አላሰበ ይሆናል። እናቴ ከራስጌዋ ተቀምጣ የምታየው በቅሎዋን አልነበረም፣ እጁን ነበር።

በሬዎች ጠምደው ከከተማው ውጭ፣ በሞጣው መንገድ ዳር ወዳለው ገደል ጎትተው ጣሏት። የሞተችው እሷ ብቻ አልነበረችም። በዚያ ሰሞን ቢቸና ውስጥ በየግቢው አረፋ የደፈቀች በቅሎ ነበረች፤ ያን ሐኪም ስሙን አንሥቶ የሚስቅ ጠፋ። የእናቴ ወንድም አካለ ወልድ ከሞጣ ሰው ልኮ፣ የእነሱም በቅሎዎች እንዳለቁ፣ የሚልክላት እንደሌለው አስነገራት። «ለከርሞ» ብሎ ነበር።

አባቴ ደግሞ አንድ ቀን ራት ላይ፣ ጮክ ብሎ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ እየሰሙ፣

«ለምን ታዝኛለሽ? ጥቁሯን ውሰጂ» አላት። «ቀለሙ ይዞሽ ይሂድ፤ አባትሽን ጠይቀሽ ይመልስሽ።»

ከአባቴ የበለጠ ለጋስ ሰው በዓለም ላይ እንደሌለ አሰብሁ። ማንንም የማታስጠጋ በቅሎውን! እናቴ ግን ያቀረበላትን ጉርሻ እንኳ በእጇ መልሳ፣

«የእርስዎ በቅሎ መንገዱን አታውቀውም» አለች።

ምን ዓይነት ግትር ሴት ናት ብዬ ተናደድሁባት። አባቴ እንደሚያውቀው፣ አስቻለችም ቀለሙም እንደሚያውቁት፣ በባሏ በቅሎ የሄደች ሴት እንግዳ ናት፤ በቅሎዋ ስትመለስ እሷም ትመለሳለች። ራት ላይ ከነበርነው ይህን ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ጠዋት፣ አባቴ ደብረ ወርቅ በሄደበት፣ እናቴ ቀሰቀሰችኝና ጫማዬን አጠለቀችልኝ። አዲሱን ቀሚሴን አለበሰችኝ። እሷም ነጭ ለብሳ፣ ያን ጥቅል በነጠላዋ ሥር ይዛ ነበር፤ በተራመደች ቁጥር ድሪው ሲንሿሿ እሰማለሁ። አስቻለች በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

«የት ነው የምንሄደው?» አልሁ።

«በመንገዱ» አለች እናቴ።

በእግራችን ወጣን። እናቴ ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ እንኳ ያለ በቅሎና ያለ አሽከር ሄዳ አታውቅም። እንደ ልጅ እየተደናቀፈች ትሄድ ነበር፤ የመንገዱን ድንጋይ እንደ አዲስ ነገር ታየዋለች። ከከተማው ወጥተን ገደሉ አጠገብ ስንደርስ ከገጠር የሚመጡ ሴቶች አገኙን። ከመካከላቸው ወለተ ገብርኤል የሚባሉ የጭሰኞቻችን ዘመድ፣ ሽማግሌ ሴት፣ እናቴን ሲያዩ የተሸከሙትን ቅል አውርደው እጅ ነሡ።

«እመቤቴ! ምነው? በእግርዎ?»

ሌላዋ፣ «ኧረ ሰው ምን ይላል! የግራዝማች ባለቤት በእግሯ! ሂጂ አንቺ፣ ሮጠሽ አህያችንን እንኳ አምጪ!» ብላ ልጇን ገፋች። ሦስተኛዋ ነጠላዋን አውልቃ ለእናቴ መቀመጫ ከመንገዱ ዳር አነጠፈች። ክፋት አልነበረባቸውም። ከበዋት ከልባቸው አዝነው ያዩዋት ነበር፤ አንዷ አቧራ የነካውን የቀሚሷን ዘርፍ ጎንበስ ብላ ታራግፋለች።

እናቴ ፊቷ ቀላ። ጥቅሉን ወደ ውስጥ አስገባችው።

«የትም አልሄድሁ» አለች። «የወደቀችበትን ላያት ብዬ ነው።»

ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ ወደ ታች አየች። ጅብ ጨርሷት ጥቂት አጥንትና የኮቴ ቁራጭ ብቻ ነበር የቀረው። ሴቶቹ ከኋላዋ ቆመው ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ሲያዝኑላትም፣ «የጨዋ ቤት ልጅ ለበቅሎዋም ታለቅሳለች» ይሉ ነበር። እናቴ ዐይኗን አነሣች። መንገዱ ከገደሉ ማዶ ወደ ሞጣ ይሄዳል፤ ተረተሩን ወጥቶ ይጠፋል። እስኪጠፋ ድረስ በዐይኗ ተከተለችው። ከዚያ እጄን ያዘችና ወደ ቤት ተመለስን። ሴቶቹ እስከ ግቢያችን በር ድረስ አጀቡን።

ዳማዋን ተሰናበትናት ብዬ፣ ለብዙ ዓመታት፣ ያን ቀን በደስታ አስታውሰው ነበር።

በከርሞው ረብሻው ተነሣ፤ መንገዱም ተዘጋ። አያቴ እኛ ሳናያቸው ሞቱ። ቆይቶ አብዮቱ መጣ፤ የአባቴ መሬት ተወሰደ፤ የደብረ ወርቋም ሴትዮ ሌላ ሰው አገባች። አባቴ ዐይኑ ጠፋ። ከእናቴ በቀር ሰው አልቀረውም።

እኔ ነርስ ሆንሁ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሕር ዳር ለስብሰባ ጠሩን፤ ስለ ቢጫ ወባና ነፍሳት ወደ ሰውና ወደ ከብት ስለሚያስተላልፏቸው በሽታዎች ነበር። አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ግድግዳው ላይ ሥዕል አሳየን። በቅሎ ናት፤ ከዐይኗ በላይ ያበጠች፣ ከአፍንጫዋ ነጭ አረፋ የወጣ። «ማታ ቤት ማስገባት ብቻውን ብዙ ያድናል» ይላል። ሌሎቹ ይጽፋሉ። እኔ አልጻፍሁም። ጥቁሯ በጭስ ውስጥ ስታለቅስ ታየችኝ።

በሳምንቱ ቢቸና ሄድሁ። እናቴ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅም ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ የሰማሁትን ነገርኋት፤ ስለ ነፍሳቷ፣ በዐይን ስለማይታየው በሽታ፣ ስለ ጨፌው። ከምስሩ ውስጥ ድንጋይ እያወጣች አዳመጠችኝ።

«ያ ልጅ እግር ሐኪም ተናግሮት የለ» አለች።

«ታውቂ ነበር?»

«ዳማዋ ስትወድቅ አወቅሁ።»

«አባባን ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?»

«ምን ብዬ? አልቅሶላታል እኮ።»

ከውስጥ የአባቴ ሳል ተሰማ። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«ታዲያ አውቀሽ ለምን ቀረሽ፣ እታለም? ይህን ሁሉ ዘመን?»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ያየችኝ እንደ ሞኝ ልጅ ነበር፤ ያኔ ስለ ደብረ ወርቋ የጠየቅኋት ጊዜ እንዳየችኝ።

«በምን ልሂድ?» አለች።

ከአጥራችን ውጭ የሞጣው አውቶቡስ ጡሩምባውን ነፋ። ጠዋት ጠዋት በደጃችን ያልፋል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሞጣ! ሞጣ! አንድ ሰው!» ይጮኻል። ፍጥነቱን ቀንሶ ጥቂት ጠበቀ። እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ አዳመጠችው፤ አቧራው በአጥሩ ላይ አልፎ ምስሩ ላይ እስኪያርፍ ድረስ።

«ይርጋነሽ» አለ አባቴ ከውስጥ። «ውሃ።»

«መጣሁ» አለች እናቴ፤ ጉልበቷን በእጇ ደግፋ ተነሣች።